ሥራ ፈላጊውን ማን ይመዝግበው?

ገንዘቡ ከላይ፣ ምልመላው ከታች

በ2009 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 995 የኢትዮጵያ ወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድን በ10 ቢሊዮን ብር አቋቋመ። ገንዘቡ የፌዴራል መንግሥት ነው፤ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በኩል ወደ ክልል የብድር ተቋማት ይወርዳል። ወጣቱን መዝግቦ፣ አደራጅቶ፣ ለብድር የሚያቀርበው ግን ወረዳው ወይም ቀበሌው ነው። የሥራ ፈላጊ ድጋፍ የማዕከል ነው ወይስ የአካባቢ የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ይጀምራል።

ወረዳው የሚያየው

አምስት ወጣቶች በብረታ ብረት ተደራጅተው መጡ እንበል። ሰነዳቸው የተሟላ ነው፤ ቃለ ጉባኤው ላይ አምስቱም ፈርመዋል። የወረዳው ባለሙያ ግን ብየዳ የሚያውቀው አንዱ ብቻ እንደሆነ፣ ሌሎቹ ብድሩ እስኪለቀቅ ስማቸውን እንዳዋሱት ያውቃል። የፌዴራል መንግሥቱ ይህን ከሪፖርት ሊያገኘው አይችልም። ለሪፖርቱ አምስት ሰዎች ሥራ አግኝተዋል። ከላይ የሥራ ፈጠራ ኮታ ሲወርድ ደግሞ ያ የሚያውቅ ባለሙያ ራሱ ዝም እንዲል ይገፋል፤ ይህን ጉዳት አቅልለን ማየት የለብንም።

መሸኛ የሌላት

አሁን ደግሞ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ የመጣች፣ ቤት ተከራይታ የምትኖር ወጣት እናስብ። የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት ከቀድሞ ቀበሌዋ መሸኛ ያስፈልጋታል። ብታመጣም አከራይዋ በቤቱ ፋይል ላይ ላያስመዘግባት ይችላል። መታወቂያ ከሌለ ምዝገባ የለም፤ ምዝገባ ከሌለ መደራጀትም፣ ብድርም የለም። የምትኖረው አዲስ አበባ፣ የምትታወቀው ደብረ ማርቆስ ነው። ወረዳው ሰውን በቅርብ ያውቃል የሚለው ክርክር ለእሷ አይሠራም፤ ሥራ ፍለጋ አገር የሚያቋርጡት ደግሞ እንደ እሷ ያሉት ናቸው።

ምኑ ለማን?

ሼድና የመሥሪያ ቦታ ከተማው ከራሱ መሬት የሚሰጠው ስለሆነ ነዋሪውን ቢያስቀድም አልቃወምም። ሥልጠናና ከቀጣሪ ጋር ማገናኘት ግን በነዋሪነት መታሰር የለባቸውም። መዝገቡ አገር አቀፍ ሆኖ ሰውየው በሄደበት ይከተለው። ብሔራዊ መታወቂያው ፋይዳ የሚያረጋግጠው ማንነትን ነው፤ ለምዝገባ ከዚያ በላይ መጠየቅ አያስፈልግም። ምልመላውና ክትትሉ በወረዳ ይቆይ፤ ቅሬታ ሰሚው ግን ከመልማዩ ቢሮ ውጭ ይሁን፤ ስሙ ከዝርዝር የወጣ ወጣት ስሙን ላወጣው ሰው አቤቱታ እንዲያቀርብ አይገደድ።