ክረምት ሳያልፍበት አትሂጂ

የእኅቴ ልጅ፣ እናትሽ ከሞጣ ደውላ «አንተ በዚሁ ሙያ ያረጀህ ነህ፤ ልጂቱ ግራ ገብቷታል፤ የሚበጃትን ንገራት» ብላኛለች። በሲቪል ምህንድስና ተመርቀሽ ሳይት ላይ ሁለተኛ ዓመትሽን ልትደፍኚ ነው። ዱባይ ያለችው ጓደኛሽ ነይ ትልሻለች፤ ለማስተርስ የውጭ ስኮላርሺፕ እያየሽ ነው፤ እጮኛሽ ደግሞ ሽማግሌ ልላክ ብሏል። ሁሉም በአንድ ዓመት ተደራርቦ መጣ። በስልክ የሚነገር ምክር ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራልና እዚሁ ቢቸና ቁጭ ብዬ በቁጥር ጻፍኩልሽ። ቁጥሩ ለመያዝ እንዲመችሽ ነው፤ ክብደታቸው እኩል አይደለም። ሁለተኛውን ከያዝሽ የቀረውን ብትተዪውም አልቀየምሽም።

1. መሄድ ነውር አይደለም። የጎጃም ሰው ለእውቀት ብሎ መሄድ የጀመረው ፓስፖርት ከመምጣቱ በፊት ነው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ቅኔ ለመቁጠር ዋሸራ ወይም ዲማ ይገባል፤ ድጓ ለማስመስከር ዓባይን ተሻግሮ ጋይንት ቤተ ልሔም ይወርዳል፤ ዝማሬ መዋሥእት ያሻው ወደ ዙር አባ፣ አቋቋም ያሻው ወደ ጎንደር ይዘልቃል። ሐዲስ ዓለማየሁም አዲስ አበባ ከመግባታቸው በፊት ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስ ተምረዋል። እንዲህ የዞረን ሰው «አንድ ቦታ አይረጋም» ብሎ የሚያማው የለም፤ የዋለበት ደብር ሲቆጠርለት ይልቁን ክብሩ ይጨምራል። ግን ልብ በዪ፤ ተማሪው ከመነሣቱ በፊት የሚጠይቀው «እዚያ ማን መምህር አለ?» ብሎ ነው። የጀመረውንም ሳያስመሰክር አይነሣም። አንቺም ዱባይም ሆነ ጀርመን ሲባልልሽ ምን ለማወቅ እንደምትሄጂ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። መልሱ «ለደመወዝ» ቢሆን አያሳፍርም፤ በስሙ ጥሪው ብቻ። ለገንዘብ እየሄዱ ለትምህርት ነው ማለት ግን ራስን መሸንገል ነው።

2. የሠራሽው ሥራ ላይ ክረምት ሳያልፍበት አትልቀቂው። ከቢቸና ወደ ደብረ ወርቅ ስትሄጂ ግራና ቀኝ የምታዪው ጥቁር አፈር ገበሬው መረሬ የሚለው ነው፤ እኛ መሐንዲሶች ብላክ ኮተን እንለዋለን። ለጤፍና ለሽምብራ በረከት ነው፤ ለመንገድና ለቤት መሠረት ግን ጠላት ነው። በበጋ እግር እስኪውጥ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ሲያብጥ ወለል ይነቅላል፣ አስፋልት ያጎብጣል። ቆርጠሽ አውጥተሽ ሰለክት ማቴሪያል የሚባለውን የተመረጠ አፈር መሙላት እንዳለብሽ ዲዛይኑ ይነግርሻል። ስንት ሴንቲ ሜትር ይቆረጥ በሚለው ላይ ኮንትራክተርና አማካሪ ሲከራከሩ ሰምተሽ ይሆናል፤ ያ ክርክር ራሱ ትምህርት ቤት ነው።

ዲዛይኑ የማይነግርሽ ሌላ አለ። ገበሬው ሐምሌ ላይ ማሳው ውኃ እንዳይተኛበት ፈሰስ ያወጣል። የፈሰሱ አፍ ወዴት ይመለሳል? ብዙ ጊዜ ወደ አንቺ መንገድ። ከላይ ያሉት ማሳዎች ሁሉ ውኃቸውን አንድ ቦታ ሲያወርዱብሽ፣ በካርታ ላይ ምንም ያልነበረበት ቦታ ወንዝ ይሆናል፤ ከልቨርቱ ደግሞ ከዚያ ራቅ ብሎ ደርቆ ቆሟል። ይህን የሚያሳይሽ ሰርቬየሩ በጥር ያነሣው ነጥብ አይደለም፤ በዝናብ ጃንጥላ ይዘሽ መቆም ነው። በጥቅምት መጥቶ በግንቦት የሚሄድ መሐንዲስ የሙያውን ግማሽ ብቻ ያውቃል፤ ግማሹን ማወቁን እንኳ የሚነግረው የለም። የጭቃውን ወራት በእረፍት ስም አዲስ አበባ የሚያሳልፍ ሳይት ኢንጂነር አይቻለሁ፤ እንዲያ ሲያደርግ ሥራውን የሚማርለት ፎርማኑ ነው።

ውሉም ይህን ያውቃል። በጊዜያዊ ርክክብና በመጨረሻ ርክክብ መካከል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት የሚሰጠው፣ በሥራው ላይ አንድ ሙሉ ክረምት አልፎ ጉድለቱ እንዲወጣ ነው። አንቺም በራስሽ ላይ ይህንኑ ውል ግቢ። «ሥራው አሥር ዓመት ቢፈጅስ?» ትዪኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ነው፣ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ነው። ከዩኒቨርሲቲ በተመረቀ ማግሥት ግድቡ ወደሚሠራበት ጉባ የገባ ልጅ እዚያው ጎልማሳ ሆኗል። ትልቁን ሥራ ጠብቂ አልልሽም። ከትልቁ ውስጥ አንድ ቁራጭ ያዢ፤ አንድ ከልቨርት፣ አንድ ብሎክ፣ አንድ የድጋፍ ግንብ ይሁን፤ ከቁፋሮው ጀምረሽ ነሐሴን እስከሚሻገር ተከታተዪው። ከዚያ በኋላ የትም ሂጂ፤ የምትናገሪው ነገር ይኖርሻል።

ይህ ምክር ከስኮላርሺፑ ጋር አይጣላም። የጀርመኑ ዳድ ለታዳጊ አገሮች ባለሙያዎች በሚሰጠው ኢፖስ በሚባለው ፕሮግራም ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ዲግሪው ከተገኘ ደግሞ በአጠቃላይ ከስድስት ዓመት ያላለፈው እንዲሆን ይፈልጋል። የእንግሊዙ ቼቭኒንግም ሁለት ዓመት ሥራ ይላል፤ ከተማርሽ በኋላ አገርሽ ተመልሰሽ ሁለት ዓመት እንድትቀመጪ ያስገድዳል። ስለዚህ በርሽ ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው ዓመት ክፍት ነው። «ዕድሜዬ አለፈ» የምትዪውን ነገር ከአሁኑ ተዪው፤ ገና ደጃፉ ላይ ነሽ።

3. ወረቀትሽን ያዢ። ይህን በአጭሩ። ከእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ስትወጪ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ተቀበዪ፤ ከግል ድርጅት ከሆነ የሥራ ግብር የተከፈለበትን ማስረጃ ጨምሪ፤ ያለዚያ ብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይቆጥርልሽም። ደብዳቤው ላይ የሥራ መደብሽና የሠራሽው ነገር በትክክል ይጻፍ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ስትለቂ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ትሰጫለሽ፤ ተናደሽ በአንድ ሌሊት አትውጪ፤ ይህ ሙያ ጠባብ ነው፣ ያ ጥለሽው የወጣሽው ሰው ነገ የአማካሪ ድርጅት ሬዚደንት መሐንዲስ ሆኖ ይቀበልሻል። የወጪ መጋራት ዕዳሽን ለማስተርሱ ጥድፊያ ሳይደርስ ጨርሺ፤ ዋናው ዲግሪሽ በሱ ተይዞ ቀነ ገደብ ሲያልፍ ያለቀሱ አሉ። የሥራ መጠን ልኬት (ቴክ ኦፍ) የሠራሽበትንና የሞላሽውን የክፍያ ሰርተፊኬት ዝርዝር ለራስሽ መዝግቢ።

4. ስለ ጋብቻ። እናትሽ ይህን እንድጽፍ አላዘዘችኝም፤ እኔው ነኝ። ፕሮጀክቱ ይለቅና አገባለሁ አትበዪ፤ የጊዜ ማራዘሚያ ያልጠየቀ ፕሮጀክት አላየሁም። ማግባት የፈለግሽው ሰው ከሆነ አግቢው። ግን ሽማግሌ ከመምጣቱ በፊት ሁለታችሁ ብቻችሁን ቁጭ ብላችሁ ሦስት ነገር ተነጋገሩ፤ ካምፕ ስትሆኚ ቤቱን ማን ያስተዳድራል፤ ውጭ ትምህርት ቢመጣ ማን ማንን ይከተላል፤ ልጅ ሲወለድ ማን ይይዘዋል። ሽማግሌዎች የሚጠይቁት ስለ ዘርና ስለ ጥሎሽ ነው፤ ይህን አይጠይቁላችሁም።

ሕጉን ዕወቂ። ለጋብቻ ሦስት የሥራ ቀን ይሰጥሻል። ለወሊድ 30 የሥራ ቀን ከመውለድሽ በፊት፣ 90 የሥራ ቀን ከወለድሽ በኋላ ከሙሉ ደመወዝ ጋር አለሽ። አባትየው ግን ሦስት ቀን ብቻ ነው ያለው። እንግዲህ ያን ጊዜ የሱ እናት ትመጣ ወይስ ያንቺ፣ አስቀድሞ ይነገር።

እርጉዝ ስትሆኚ ቢሮ ግቢ ቢሉሽ ዝቅ አድርገው ያስገቡሽ አይምሰልሽ። ኦፊስ ኢንጂነርነት የውሉ ልብ ያለበት ነው፤ ክፍያ የሚዘጋጀው፣ የካሳ ጥያቄ የሚጻፈው፣ የጊዜ ማራዘሚያ የሚሰላው እዚያ ነው። ሳይት ላይ ጀግና የሆኑ፣ ውል ሲገለጥ ግን ዓይናቸው የሚዋልል ወንዶች ሞልተዋል። ያንን ዓመት እንደ ትምህርት ቁጠሪው፤ ስትመለሺ ሳይቱን በሌላ ዓይን ታዪዋለሽ። አንድ ነገር ግን አትታገሺ፦ ካምፑ ውስጥ ለሴት የሚሆን መታጠቢያና መጸዳጃ ከሌለ በጽሑፍ ጠይቂ። ይህን መጠየቅ ቅብጠት አይደለም።

5. ሰባራ ድልድይን እንደ አገርሽ ታሪክ ብቻ አትዪው። ከሞጣ ወደ ዓባይ ወርዶ ወደ ቤጌምድር የሚያሻግረው፣ በ17ኛው መቶ ዘመን በድንጋይ የተሠራው ማለቴ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞች ጠላት እንዳይሻገር መካከሉን አፈረሱት። ከዚያ ወዲያ ሰው በክፍተቱ ላይ በገመድ እየተሳበ አሥርት ዓመታት ኖረ። በ2001 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ የግንባታ ሰው ይህን የገመድ መሻገሪያ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ በፎቶ አየው፤ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የሚባል ድርጅት መሠረተና በእኛ 1994 ዓ.ም. ክፍተቱን በብረት አገናኘው። በ1997 ጎርፍ ወሰደው። ድርጅቱ ተመልሶ በ2001 ዓ.ም. ተንጠልጣይ ድልድይ ሠራ።

ከዚህ ውስጥ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። ገመዱን ዘወትር ለሚያየው ሰው ገመድ ነበር፤ ለሩቁ ሰው ግን የሚሠራ ሥራ ሆኖ ታየው። ለጉዞ የምከራከረው ስለዚህ ነው፤ ሄደሽ ስትመለሺ የሞጣን ነገር እንደ እንግዳ ታዪዋለሽ፣ እንደ ባለቤት ትሠሪዋለሽ። ሁለተኛው፣ ሰውየው ይህን የጀመረው በጉልምስናው ነው። ሕይወት የሚገለበጠው በሃያዎቹ ዕድሜ ብቻ ይመስል ሁሉን በዚህ ዓመት ካልወሰንኩ አትበዪ።

የመጀመሪያው ጥገና በጎርፍ መሄዱን ደግሞ በሁለተኛው ቁጥር ካልኩሽ ጋር አያይዢው። የድርጅቱ ሰዎች ወሬውን ሰምተው ተመለሱ። አንቺም ከለቀቅሽ በኋላ ለጥበቃው ወይም ለቀበሌው ሊቀመንበር እየደወልሽ «ያ ግንብ እንዴት ከረመ?» በዪ።

6. አገርሽን ሳታዪ ዱባይን አትዪ። ደጀን ስትደርሺ አውቶቡሱ ውስጥ አትተኚ። ዓባይ በረሃ ውስጥ አሮጌውና አዲሱ ድልድይ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አዲሱን የጃፓኑ ካጂማ ሠርቶት በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ተመረቀ፤ 303 ሜትር ነው፤ ገመዶቹ ከአጭር ምሰሶ የሚነሡበትን ምክንያት ካላወቅሽ ሂጂና አንብቢ። ባሕር ዳር በግንቦት 2016 የተመረቀው ድልድይ 380 ሜትር ነው። ወደ ትልቅ አገር የሚወስደው መንገድሽ ላይ ያሉ ስለሆኑ የተለየ ትኬት አያስፈልግሽም።

7. ስለ ጊዜው። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገዱ እንደ ልብ አይኬድበትም፤ የቆሙ ሥራዎችም አሉ። ሳይትሽ ቢዘጋ እንደ ራስሽ ውድቀት አትቁጠሪው። ሥራው በቆመበት ቀን ምን እንደነበረ፣ የትኛው ማሽን የት እንደቀረ፣ ስንት ሲሚንቶ መጋዘን እንዳለ መዝግቢ፤ ከዓመታት በኋላ የካሳ ክርክር ሲነሣ ያቺ ማስታወሻ ትፈለጋለች። እናትሽን ለማየት ብለሽ ደግሞ በማያስተማምን ቀን ከባሕር ዳር ወደ ሞጣ አትነሺ። እሷ ለአንቺ «ደኅና ነኝ» የምትለውና ለእኔ የምትነግረኝ አንድ አይደለም፤ ጉልበቷ ያማታል። ግን ለሷ ብለሽ ብትቀሪ ከጉልበቷ ይልቅ ያ ያማታል። በየሳምንቱ ደውዪ፣ በየወሩ የምትችዪውን ላኪ፣ ሐኪም ቤት የሚወስዳት ሰው እኔ አለሁ።

8. ዱባይ። ውል በእጅሽ ሳይገባ በጉብኝት ቪዛ ሄዶ ሥራ መፈለግን እቃወማለሁ። ውሉ ላይ የሥራ መደብሽ «መሐንዲስ» ይበል፤ ቪዛውን፣ ቤቱንና የአውሮፕላኑን ትኬት ማን እንደሚከፍል በግልጽ ይጻፍ። የትምህርት ማስረጃሽን በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ማረጋገጥ አለብሽ፤ ቶሎ ጀምሪው። ደመወዙን ስታወዳድሪ የቤት ኪራይ ቀንሰሽ አወዳድሪ።

9. እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ተራው እንዲህ ይሆናል። ይህን ክረምት እዚያው ሳይት እከርማለሁ። ቼቭኒንግ ብዙ ጊዜ በክረምቱ መጨረሻ ማመልከቻ ይከፍታል፤ ከዳዱ ኮርሶችም የብዙዎቹ ቀነ ገደብ ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ ማታ ማታ እሱን እጽፋለሁ። እጮኛዬን ከላይ ያልኩትን ሦስት ጥያቄ እጠይቀዋለሁ፤ መልሱ ከተስማማኝ ሽማግሌው ከመስቀል በኋላ ይምጣ፣ ሠርጉም ለጥር ይደርሳል። የዱባይን ነገር የስኮላርሺፑ መልስ እስኪመጣ አቆየዋለሁ። ውሉ እስከዚያ ከደረሰሽ ግን ሳትፈርሚ እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንሥተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ በትንሽ ፊደል የተጻፈውም አይቅር።

አጎትሽ፣ ከቢቸና