ከጣርማበር እስከ ሮቢት

በደሴ መንገድ ወደ ሸዋ ሮቢት ወርደው ያውቃሉ? ጣርማበር ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ጉሙ የመንገዱን ዋሻ ሲያፍነው ተሳፋሪው ሁሉ ጋቢውን ይከናነባል። መስኮት የከፈተ ወዮለት! ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ይገዛል። ቆሎውን እየቆረጠሙ ያንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲወርዱ አንዱ ጋቢውን ወደ ትከሻው ይመልሳል፤ ሌላዋ ሹራቧን ታወልቃለች። 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ሮቢት ሲገባ ደግሞ መስኮት የዘጋ ነው ወዮለት።

እስቲ ልጠይቅዎት፤ ብርዱ የትኛው ኩርባ ላይ አለቀ? ማንም አያውቅም። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ብለን ሦስት ስም አወጣን እንጂ መንገዱ አንድ ነው። መኪናው 2,000 ሜትር ላይ ለመድረስ 2,001ን አልዘለለም፤ 2,000.5ንም ነክቶ ነው የወረደው።

ትምህርት ቤት «ሪል ነምበር» እያልን የተማርናቸው ቁጥሮች ጠባያቸው እንዲህ ነው። ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች የቱንም ያህል ቢቀራረቡ መካከላቸው ሌላ አይጠፋም። በዜሮና በአንድ መካከል ግማሽ አለ፣ በዜሮና በግማሽ መካከል ሩብ፤ ማለቂያ የለውም። የሒሳብ ሊቁ ጆርጅ ካንቶር እነዚህን ቁጥሮች አንደኛ፣ ሁለተኛ እያሉ በተራ ዘርዝሮ መጨረስ እንደማይቻል እ.ኤ.አ. በ1874 አረጋግጧል።

እኛ ግን ራሳችንን በዜሮና በአንድ ብቻ እንለካለን፤ «አለፈ» ወይም «ወደቀ»። የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ 48 ከመቶ ያመጣውም 20 ያመጣውም ቤት ለቅሶው እኩል ነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሬሜዲያል ፕሮግራም ግን ከ50 በታችም ቁጥር እንዳለ አሳይቷል፤ ለማለፊያው ለቀረበ ተማሪ ሌላ በር ከፍቷል።

«ሁሉም ነገር ይሙላልኝና እጀምራለሁ» የሚሉም ካሉ ወደ ሮቢት የሽንኩርት ማሳ ልውሰድዎት። አራት ጎኑ አንድ አንድ ሜትር የሆነ ካሬ መደብ ያስቡ። ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ የሚወጠረው ገመድ ርዝመቱ 1.41421… እያለ ይቀጥላል። ቁጥሩ አያልቅም፤ ተመላልሶም አይደገምም። ገመዱ ግን ከችካል ችካል ልክክ ብሎ ይደርሳል። ወረቀት ላይ ያላለቀው መሬት ላይ አለቀ!

ስለዚህ ዛሬ አንድ ሰዓት ማንበብ ካቃተዎት «አልቻልኩም» ብለው መጽሐፉን አይክደኑ። ከአንድ ሰዓት በታች ሃያ ደቂቃ አለ። ሃያው ከከበደ አምስት አለ። ነገ ስድስት ያድርጉት። ለውጡ አይታየኝም ብለው ደግሞ አይዘኑ። ጋቢዎን ያወለቁበትን ኩርባ አያስታውሱትም፤ ሮቢት መድረስዎን ግን ሙቀቱ ራሱ ይነግርዎታል።