ልጅ የአባቷን ታሪክ ስትጽፍ

ባለፈው ሴሚስተር «የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ጻፉ» የሚል የቤት ሥራ ተሰጥቶን ነበር። እኔ የመረጥኩት ቻርልስ ኢንግልስ የሚባለውን የ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካዊ ገበሬ ነው። ልጅየዋ ላውራ ኢንግልስ ዋይልደር ስለ ቤተሰቡ የጻፈቻቸውን የልጆች መጻሕፍት ስለምወዳቸው ሥራው ቀላል መሰለኝ። ደፋር፣ ታታሪ፣ ማታ ማታ ቫዮሊን የሚጫወት አባት ብዬ ጻፍኩና አስረከብኩ። መምህራችን ወረቀቱን ሲመልሱልኝ ከግርጌው አንዲት ጥያቄ ብቻ ጽፈውበታል፦ «ይህን የነገረሽ ሰነድ ነው ወይስ ልጅየዋ?» መልሱን ስፈልግ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መሬት ፍለጋ

ኢንግልስ በ1836 በኒውዮርክ ግዛት ተወለደ፤ በ1860 ካሮላይን ኩዊነርን አገባ። ላውራ በ1867 ዊስኮንሲን ውስጥ ተወለደች። በ1862 በወጣው የሆምስቴድ ሕግ መሠረት 21 ዓመት የሞላው ወይም የቤተሰብ ኃላፊ የሆነ ሰው ትንሽ የመመዝገቢያ ገንዘብ ከፍሎ 160 ኤከር (65 ሄክታር ገደማ) መሬት መያዝ ይችል ነበር። አምስት ዓመት ከኖረበትና ካረሰው የራሱ ይሆናል። 21 ዓመት እንግዲህ የእኔ ዕድሜ ነው! ሲሰሙት ደስ ይላል።

መሬቱ ግን ባዶ አልነበረም። ቤተሰቡ በ1869 ካንሳስ ሄዶ ቤት የሠራው ለሰፋሪ ባልተፈቀደ የኦሴጅ ሕዝብ መሬት ላይ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ቤተሰቡ ቦታውን የሚለቀው ወታደሮች ሊያስወጡን ነው ብሎ ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በ1870 መሬታቸውን ሸጠው ለመሄድ የተስማሙት ኦሴጆቹ ናቸው። ኢንግልስ በ1871 የተመለሰው ደግሞ የዊስኮንሲን እርሻውን የገዛው ሰው ክፍያውን መጨረስ ስላቃተው ነው።

አንበጣና ዱቄት

በ1874 ሚኒሶታ ውስጥ ዋልነት ግሮቭ አጠገብ ሰፈሩ። በ1875 ስንዴው ሲያምር አንበጣ ወረደበት። አንበጣው እንቁላሉን መሬት ውስጥ ጥሎ ስለሚሄድ የሚቀጥለው ዓመት ሰብልም ጠፋ። አባትየው በእግሩ ወደ ምሥራቅ ሄዶ የሰው አዝመራ እያጨደ ገንዘብ አመጣ። እዚህ ድረስ መጽሐፉ ላይ አለ።

የሌለውስ ምን መሰላችሁ? ኖቬምበር 30 ቀን 1875 ኢንግልስ ምንም መተዳደሪያ እንደሌለው በፊርማው አረጋግጦ ሁለት ግማሽ በርሜል የእርዳታ ዱቄት ተቀብሏል። ዋጋው 5 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነበር። በዚያው ወር አንድ ወንድ ልጅ ተወልዶላቸው በዘጠኝ ወሩ ሞተባቸው። ከዚያ አዮዋ ሄደው ሆቴል ውስጥ ሠሩ፤ በ1877 ዕዳ ሳይከፍሉ በሌሊት ወጡ። ይህ ሁሉ ከመጻሕፍቱ ቀርቷል።

በ1880 ዳኮታ ውስጥ ደ ስሜት አጠገብ መሬት አስመዘገበ፤ በ1886 የራሱ ሆነለት። ወዲያው በዓመቱ ግን ወደ ከተማ ገብቶ በአናጢነት ይሠራ ጀመር። በ1902 እዚያው አረፈ።

ላውራ ዋሸች?

እኔ አልልም። በ1930 በጻፈችው የመጀመሪያ የሕይወት ታሪኳ ላይ የሕፃኑም ሞት የሌሊቱም ጉዞ አሉ። አሳታሚዎች አልቀበልም አሏት፤ ጽሑፉ የታተመው በ2014 ነው። በ1932፣ በ65 ዓመቷ፣ የመጀመሪያ መጽሐፏ የወጣው ለልጆች የተዘጋጀው ነው። ልቦለድ ነውና የምትፈልገውን መምረጥ መብቷ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ልቦለዱን እንደ ማስረጃ ቆጥሬ ሳላጣራ ገለበጥኩት።

ሁለተኛውን ጽሑፌን የጀመርኩት በዱቄቱ ነው። ኦሴጆቹንም አስገባኋቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ሰውዬው ያንስብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አላነሰም። ልጆቹ እንዳይራቡ «ምንም የለኝም» ብሎ የፈረመው አባት ቫዮሊን ከሚጫወተው ይበልጥ ቀረበኝ። የሰው መሬት ላይ ቤት የሠራውም ግን እሱ ራሱ ነው፤ አንዱን ይዤ ሌላውን መተው አልችልም።

ጓደኞቼ፣ ነገ የሰው ታሪክ ልንጽፍ ስንወጣ ብዙ ጊዜ የምናገኘው ልጁን ወይም ወዳጁን ነው። የሚነግሩንን በደንብ እንስማ። ግን ከዚያ በኋላ ወረቀቱንም ሄደን እንይ። ጎረቤቱንም እንጠይቅ፤ በተለይ መሬቱን የለቀቀውን።