ሰው ሠራሽ እግርና የፍተሻው በር

አንድ ወዳጃችን ከጉልበቱ በታች በሰው ሠራሽ እግር የሚሄድ ነው። በአንድ ጉዞው የመጀመሪያውን አውሮፕላን ማረፊያ የፍተሻ በር ያለ አንዳች ድምፅ አለፈ፤ በሁለተኛው ግን ማንቂያው ጮኸና በሰልፈኛው ፊት ወደ ጎን ተወሰደ። «እግሩ ያው እግር፣ እኔም ያው እኔ፤ ታዲያ ምን ተገኘብኝ?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው የፊዚክስ ጥያቄ ነውና መልሱን ለአንባቢያን ማካፈል ወደድን።

በበሩ ግራና ቀኝ ጥቅል ሽቦዎች ተደብቀዋል። በሽቦዎቹ የሚያልፈው ተለዋዋጭ ጅረት ተለዋዋጭ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳሳየው፣ በእንዲህ ያለ መስክ ውስጥ በገባ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ላይ ጅረት ይቀሰቀሳል፤ ይህም ጅረት በተራው የራሱን ደካማ መስክ ይፈጥራል። በሩ የሚያዳምጠው ይህንን ምላሽ ነው። በተለምዶ «ብረት መፈለጊያ» ይባል እንጂ በዋናነት የሚለካው አስተላላፊነትን ነው። የወዳጃችን እግር ምሶሶ የቲታኒየም ቧንቧ ነው። ንጹሕ ቲታኒየም ደግሞ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ ከንጹሕ አሉሚኒየም በ16 እጥፍ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ በመጠን እኩል የሆኑ ሁለት ቧንቧዎች እኩል ምላሽ አይሰጡም። በሩ የሚጮኽበትን የምላሽ መጠን የሚወስነው ደግሞ የማሽኑ አስተካካይ ነው። አንዱ ጣቢያ ዝቅ፣ ሌላው ከፍ ያደርገዋል። አንዳንድ በር እንዲያውም ምንም ሳያገኝ፣ በዕጣ፣ እንዲጮኽ ተደርጎ ይሠራል!

በአገራችን የአካል ማገገሚያ ማዕከላት የሚሠሩ ብዙ እግሮች ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ባስፋፋው ዘዴ ከፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ የተዘጋጁ ናቸው። ፕላስቲኩ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ለበሩ የሚመልሱት ማያያዣ ብሎኖቹና መሰል የብረት ክፍሎች ብቻ ናቸው።

ይህ ግን የሚሊሜትር ሞገድ በሚጠቀመው ማሽን ዘንድ አይረዳም። ተጓዡ እጆቹን አንሥቶ የሚቆምበት ይህ ማሽን የሚጠቀመው ከ24 እስከ 30 ጊጋኸርዝ የሚደርስ ሞገድ ነው፤ የሞገዱም ርዝመት 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ኤክስሬይ አይደለም። ልብስን ዘልቆ ያልፋል፤ ውኃ ከበዛበት ቆዳ ላይ ሲደርስ ግን በብዛት ይመለሳል። ፕላስቲክ ውኃ የለውምና አመላለሱ ከቆዳ ይለያል፤ ብረት ደግሞ ሞገዱን ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚቻል መጠን ይመልሳል። ኮምፒዩተሩ ከተለመደው የሰው ገላ የተለየውን ቦታ በአንድ ወጥ የሰው ምስል ላይ ምልክት ያደርግበታል። ምልክቱ «ይህ ቦታ ከጠበቅሁት ይለያል» ከማለት በላይ የሚናገረው የለም። ስለ ሰውየው ምንም አያውቅም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጨርቅ ነው። ፈታሹ እጅንና ሰው ሠራሹን እግር በቁራጭ ጨርቅ አብሶ ወደ ሌላ መሣሪያ ያስገባዋል። በጨርቁ ላይ ያለው ቅንጣት በሙቀት ይተንናል፤ የኤሌክትሪክ ሙላት እንዲይዝ ተደርጎም በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ይነዳል። መሣሪያው የሚለካው ቅንጣቱ ለመድረስ የፈጀበትን ሚሊሰከንድ ነው። እዚህ ላይ አሳሳች ነገር አለ፤ ለልብ ሕመም የሚሰጠው ናይትሮግሊሰሪንና አንዳንድ ግሊሰሪን ያለበት የቆዳ ቅባት የሐሰት ማንቂያ ሊያስነሡ ይችላሉ።

በአሜሪካ ደንብ መሠረት ሰው ሠራሽ አካልን ማውለቅ ግዴታ አይደለም፤ ተጓዡ ከአጃቢው ጋር በተለየ ክፍል መፈተሽን መጠየቅ ይችላል፤ ከጉዞው 72 ሰዓት በፊት በስልክ እርዳታ ለመጠየቅም ይቻላል። በሌሎች አገሮች አሠራሩ ይለያያል። ወዳጃችን አሁን ወደ በሩ ከመድረሱ በፊት ስለ እግሩ ለፈታሹ ይናገራል፤ ጉልበቱን የሚቀባውንም ቅባት ከፍተሻው በኋላ አድርጎታል።