የመሳቢያን ግንባር አስተካክሎ ስለ መግጠም

ከእኛ ከተማሪዎች መካከል ሚስማር እንኳ በቅጡ መትቶ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ባለ እጅን «ቀጥቃጭ»፤ «ጠይብ» እያሉ መናቅ ካለፉት ትውልዶች የወረስነው ክፉ ልማድ ሲሆን፤ መጽሐፍ ማንበባችን ከዚህ ልማድ ፈጽሞ እንዳላወጣን እያንዳንዳችን ራሳችንን ብንመረምር እናገኘዋለን። በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው ትምህርት ስለ አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ይኸውም የመሳቢያ ግንባር እንዴት ተስተካክሎ እንደሚገጠም ነው። ነገሩ ትንሽ ቢሆንም እኔን ያስተማረኝ ግን ትንሽ አይደለም።

ባንድ የክረምት ዕረፍት አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ እንጨት ሥራ ቤት ተቀጥሬ ነበር። አንዲት እናት ለልጃቸው ሠርግ የሚሆን ከዋንዛ የተሠራ ባለ ሦስት መሳቢያ ኮሞዲኖ አዘዙ። ባለ ሱቁ ገላውንና የመሳቢያዎቹን ሣጥኖች ሦስት ዓመት አብሮት ለቆየ ልጅ ሰጠው። ለእኔ ደግሞ «አንተ ሂሳብ ታውቃለህ» ብሎ ግንባሮቹን ሰጠኝ። እኔም በሜትር ለካሁ፤ በእርሳስ አሰመርሁ፤ በብሎን አጠበቅሁ። እናትዮዋ በመጡ ጊዜ ሜትር አልያዙም፤ ገና ከበሩ ላይ ሆነው «ይኼ ነገር ጠሟል» አሉ። እውነትም በላይኛውና በመካከለኛው ግንባር መሐል ያለው ክፍተት 2 ሚሊ ሜትር ሲሆን፤ በመካከለኛውና በታችኛው መሐል ያለው 5 ሆኖ ነበር፤ በቀኝ በኩልም ከላይ ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል። ባለ ሱቁ ወደ ልጁ ዞረና «የሳንቃውን ዋጋ ከደመወዝህ አነሣለሁ» አለው። ልጁ አንገቱን ደፋ። እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለ ሆንሁ ጥፋቱ የእኔ ይሆናል ብሎ የገመተ አልነበረም፤ እኔም ዝም አልሁ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ «ጋሼ፤ ግንባሩን የገጠምሁት እኔ ነኝ» አልሁት። ለጥቂት ጊዜ ካየኝ በኋላ «እንግዲያው ፍታውና አብረን እንግጠመው» አለኝ። ለልጁም ሒሳቡን እንደማይነካበት ነገረው። ከዚህ በታች የምጽፈው በዚያ ቀን ያሳየኝንና ከዚያ በኋላ በሥራ ያረጋገጥሁትን ነው።

1ኛ፤ ግንባር ማለት ምን ማለት ነው?

መሳቢያ በሁለት ዓይነት ይሠራል። በጥንቱ አሠራር ግንባሩ ራሱ የሣጥኑ አንደኛው ግድግዳ ነው፤ ከጎኖቹም ጋር የርግብ ጅራት በሚመስል ጥርስ ይያያዛል። የሎንዶኑ ቶማስ ቺፔንዴል የቤት ዕቃ ንድፍ መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1754 ዓ.ም. ባሳተመበት ዘመን ጥሩ መሳቢያ የሚባለው እንዲህ ያለው ነበር። ሠራተኛው እያንዳንዱን ግንባር በመላጊያ እየላገ በየአፉ ልክ ያደርገዋል፤ ብዙ ጊዜም በዙሪያው ቀጭን ክፈፍ ያደርግበታል። ክፈፉ ጠርዙን ይጠብቃል፤ ክፍተቱንም ከዐይን ይሸሽጋል።

በዛሬው አሠራር ግን ሣጥኑ ለብቻው ካለቀ በኋላ ሌላ የግንባር ሰሌዳ በላዩ ይታሰራል። ይህ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሣጥኑ ጥቂት ቢዛነፍ እንኳ ግንባሩን ለብቻው ማስተካከል ይቻላልና። ግንባሩም ወይ ከገላው አፍ ውስጥ ገብቶ ከጠርዙ እኩል ይሆናል፤ ወይም በገላው ጠርዝ ላይ ይደረባል። ተደራቢው ስሕተትን ይሸፍናል፤ ውስጥ ገቡ ግን አራቱንም ጠርዙን ስለሚያሳይ ምሕረት የለውም። እኔ የተሳሳትሁት በውስጥ ገቡ ነው፤ እርሱን የቻለ ሌላውን አያቅተውምና ትምህርቴም በዚሁ ላይ ይሆናል።

2ኛ፤ በቅድሚያ ገላውን መመርመር

የእኔ የመጀመሪያ ስሕተት ገላው ቀጥ ያለ ነው ብዬ ማመኔ ነው። ሜትር የሚነግረን ርዝመትን እንጂ ማዕዘንን አይደለም። ስለዚህ ኮሞዲኖውን በወለሉ ላይ አቁሞ በውሃ ልክ መመልከት ያስፈልጋል፤ ወለሉ ጎርባጣ ከሆነ ከእግሩ ሥር ስንጣሪ ማስገባት ነው። አንድ እግሩ የተንጠለጠለ ኮሞዲኖ ገላው ይጠማዘዛል፤ ከገላው ጋር አፉም ይጣመማል። በዚያ ሁኔታ የተገጠመ ግንባር ዕቃው ወደ ሌላ ቤት በተወሰደ ቀን ይዛነፋል።

ቀጥሎ ሁለቱን ሰያፎች መለካት ነው። ለምሳሌ የአፉ ወርድ 400፤ ቁመቱም 600 ሚሊ ሜትር ቢሆን፤ በፓይታጎራስ ደንብ እያንዳንዱ ሰያፍ 721 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ገላው ከላይ በኩል 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ እንደ ሆነ ግን አንዱ ሰያፍ ወደ 723 ያድጋል፤ ሌላው ወደ 719 ተኩል ይወርዳል። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ጀርባው ከመመታቱ በፊት ገላውን ገፍቶ ማቅናት ይገባል። በክፍል ውስጥ ለፈተና ብቻ የሸመደድነው ደንብ በእንጨት ሥራ ቤት ዕለት ዕለት የሚያገለግል መሆኑን ያየሁት በዚህ ጊዜ ነው።

3ኛ፤ ሂሳቡ

ውስጥ ገብ የሆኑ ሦስት ግንባሮች አራት የአግድም ክፍተት አላቸው፤ ከታች አንድ፤ ከላይ አንድ፤ በመሐል ሁለት። እያንዳንዱ ክፍተት 3 ሚሊ ሜትር ይሁን ብንል በጠቅላላው 12 ይሆናል። ከ600 ላይ 12 ሲቀነስ 588 ይቀራል፤ ለሦስት ሲካፈል የእያንዳንዱ ግንባር ቁመት 196 ሚሊ ሜትር ነው። ወርዱም ከ400 ላይ የግራና የቀኝ ክፍተት 6 ሲቀነስ 394 ይሆናል።

የሣጥኑን ወርድ የሚወስነው ግን ሐዲዱ ነው። በጎን የሚታሰረው የብረት ሐዲድ አብዛኛውን ጊዜ 12.7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ስላለው ለሁለቱ ጎን 26 ያህል መተው ይገባል፤ በምሳሌያችን የሣጥኑ ወርድ 374 ይሆናል ማለት ነው። የግንባሩም ውፍረት 18 ከሆነ ሐዲዱ ከገላው ጠርዝ 18 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ መታሰር አለበት፤ ይህ ከተረሳ ግንባሩ ወደ ውጭ አፍጥጦ ይቀራል።

4ኛ፤ አገጣጠሙ

እኔ እያንዳንዱን ግንባር ከፊተኛው ላይ በሜትር እየለካሁ ነበር ያስቀመጥሁት። እንዲህ ሲሆን በመጀመሪያው የተሳሳተው ወደ ሁለተኛው፤ የሁለተኛውም ወደ ሦስተኛው ይተላለፋል። ባለ ሱቁ ሜትሩን ከእጄ ተቀብሎ ከ3 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ትንንሽ ቁራጮች ቆረጠ። እነዚህን ማራራቂያ እንበላቸው። ከዚያም ሥራው በሚከተለው ተራ ይሄዳል።

ሀ) ሣጥኖቹ ሁሉ ወደ ውስጥ ይገፋሉ። በአፉ ወለል ላይ፤ በግራና በቀኝ ጫፍ፤ አንዳንድ ማራራቂያ ይቀመጥና ታችኛው ግንባር በላያቸው ይቆማል። በእርሱም ላይ ሌሎች ሁለት ማራራቂያዎች፤ ከዚያ መካከለኛው፤ እንዲህ እያለ እስከ ላይ ይደርሳል። በጎንና በጎንም ማራራቂያ ይገባል። በዚህ ጊዜ ኮላም ብሎንም የለም፤ ሙከራ ብቻ ነው።

ለ) ሦስቱም ከቆሙ በኋላ ከላይ የቀረውን ክፍተት መመልከት ነው። 3 ከሆነ መልካም። 7 ከሆነ ግን ግንባሮቹ በድምሩ 4 ሚሊ ሜትር አጥረዋል ማለት ነው። ይህን ጊዜ ትርፉን ለአራቱ ክፍተቶች ማካፈል ይገባል፤ እያንዳንዱ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የሚያውቅበትም ሰው አይኖርም። ባለ ሱቁ እንዳለው «ዐይን ሜትር አያውቅም፤ ልዩነት ግን ያውቃል»። አራት እኩል የሆኑ የ4 ሚሊ ሜትር ክፍተቶች ከሦስት የ3ና ከአንድ የ7 ክፍተት ይልቅ ያምራሉ።

ሐ) ሙከራው ሲሠምር ግንባሮቹ ወርደው በሣጥኖቹ ፊት ላይ በሁለት ፊቱ የሚጣበቅ ፕላስተር ይለጠፋል። ከታች ጀምሮ እያንዳንዱ ግንባር እንደገና በማራራቂያው ላይ ቆሞ ወደ ሣጥኑ በኃይል ይገፋል።

መ) ፕላስተሩ ብቻውን አይታመንም። ስለዚህ በግንባሩ ላይ አስቀድሞ በተበሳው የእጀታ ቀዳዳ በኩል አንድ ጊዜያዊ ብሎን ወደ ሣጥኑ ይነዳል። ብሎኑ ግንባሩን ያስራል፤ ደግሞም ራሱ እንደ እጀታ ሆኖ መሳቢያውን ቀስ ብሎ ለመሳብ ያገለግላል። ከተሳበ በኋላ ግንባሩና ሣጥኑ በእጅ ሞርሳ ተይዘው ከውስጥ በኩል አራት ብሎን ይታሰራል።

5ኛ፤ ስለ ብሎኑና ስለ ቀዳዳው

የሣጥኑ ፊት 15፤ ግንባሩ 18 ሚሊ ሜትር ቢሆን በድምሩ 33 ነው። ስለዚህ ባለ 30 ብሎን ከግንባሩ ውስጥ 15 ገብቶ 3 ይተርፈዋል። ባለ 35 ብሎን ግን ጫፉ በዋንዛው ፊት ላይ ወጥቶ የወር ሥራ ባንድ ደቂቃ ያበላሻል።

የሣጥኑ ቀዳዳ ከብሎኑ ሰፋ ብሎ መበሳት አለበት። ብሎኑ 4፤ ቀዳዳው 7 ሚሊ ሜትር ከሆነና ከራሱ ሥር ሰፊ ሮንዴላ ከገባ ግንባሩን ወደየአቅጣጫው 1 ሚሊ ሜትር ተኩል ማንቀሳቀስ ይቻላል። ብሎኖቹን ላላ አድርጎ፤ መሳቢያውን ዘግቶ፤ በእጅ አስተካክሎ፤ እንደገና ከፍቶ ማጥበቅ ነው። ፍጹም ሲስተካከል ከመካከል ላይ በጠባብ ቀዳዳ አንድ ብሎን ይጨመራል፤ ይህም ግንባሩን ከቦታው እንዳይነቃነቅ ይቈልፈዋል። እኔ ቀዳዳውን ሁሉ ጠባብ አድርጌ ስለ በሳሁት ለማስተካከል ብሞክር ብሎኑ ወደ ድሮው ቦታ ይመልሰው ነበር።

6ኛ፤ እንጨት እርጥበት ይጠጣል

«ለምን በኮላ አናጣብቀውም?» ብዬ ጠይቄ ነበር። መልሱ ይህ ነው። ሳንቃ እርጥበት ሲያገኝ ወደ ጎን ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በቁመቱ አቅጣጫ ግን ለውጡ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የግንባሩ ሳንቃ የተኛ ስለ ሆነ የሚያብጠው ወደ ላይና ወደ ታች ነው። 196 ሚሊ ሜትር የሆነው ሳንቃ ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ቢያብጥ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራል። ሣጥኑ ደግሞ ከኮምፔርሳቶ ከሆነ ብዙም አይንቀሳቀስም። ሁለቱን በኮላ ያጣበቀ ሰው ግንባሩ እንዲሰነጠቅ ወይም እንዲቆለመም ፈርዶበታል። ሰፊው ቀዳዳ ግን ለእንጨቱ መተንፈሻ ይሆናል፤ መካከለኛው ብሎን ቦታውን ይዞለት እኩል ወደ ላይና ወደ ታች ያብጣል።

በዚሁ ምክንያት በበጋ በደረቅ ሳንቃ የሚሠራ ሰው ክረምቱን አስቦ ክፍተቱን ከ3 እንዳያሳንስ፤ በክረምት የሚሠራ ደግሞ በጋ ሲመጣ ክፍተቱ እንደሚሰፋ እንዲያውቅ ይገባል። ኤምዲኤፍና ኮምፔርሳቶ በዚህ በኩል ችግራቸው ጥቂት ነው።

7ኛ፤ እጀታ

ግንባሮቹ ተስተካክለው እጀታዎቹ ከተዛነፉ ድካሙ ከንቱ ነው። ስለዚህ የእጀታው ቀዳዳ ግንባሩ ከመገጠሙ በፊት በአንድ መለኪያ ሰሌዳ ለሦስቱም ይበሳል፤ በምሳሌያችን መካከሉ ከጠርዝ 197 ሚሊ ሜትር ላይ ነው። ግንባሩ ከታሰረ በኋላ ጊዜያዊው ብሎን ይወጣና በዚያው ቀዳዳ በኩል መሰርሰሪያው ሣጥኑንም ይበሳል። ከእጀታው ጋር የሚመጣው ብሎን ለአንድ ሰሌዳ ብቻ የታሰበ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ ያጥራል፤ ለ33 ሚሊ ሜትር ውፍረት 40 የሚሆን መግዛት ነው።

ያን ኮሞዲኖ ከጧት እስከ ማታ ደክመን መለስነው። ጠባቦቹን ቀዳዳዎች በእንጨት ቁራጭ ደፍነን እንደገና በሳን። ማራራቂያውን የያዘልኝ ያው ልጅ ነበር፤ በሜትር ሳይሆን በጣቱ ዳስሶ ከእኔ ቀድሞ መዛነፉን ያውቅ ነበር። ይቅርታ ስጠይቀው «ገና መጀመሪያ ቀን አይቼው ነበር፤ ግን አንተ ተማሪ ነህ ብዬ ዝም አልሁ» አለኝ። ይህ ቃል ከእናትዮዋ ነቀፋ ይልቅ ከብዶኛል። እርሱ ከትምህርቴ የተነሣ አፈረኝ፤ እኔ ደግሞ በትምህርቴ ተሸሸግሁ፤ በመሐሉ አንድ የሙሽራ ዕቃ ተበላሸ።

ወንድሞችና እኅቶች፤ በየመኝታ ክፍላችን ያለውን መሳቢያ ዛሬ ማታ ከፍታችሁ ተመልከቱት። ክፍተቱ እኩል ከሆነ አንድ ባለ እጅ ተጠንቅቆበታል፤ ካልሆነም ካቻቢቴ ይዛችሁ ከውስጥ ያሉትን ብሎኖች አላልታችሁ አስተካክሉት፤ ከግማሽ ሰዓት የበለጠ አይፈጅም። እጃችሁ ሲቈስል ደግሞ ባለ ሙያውን በምን ስም ስትጠሩት እንደ ኖራችሁ አስቡ።