ስብስብና ዙር፤ ለቋንቋ ተማሪ የሚሆን የፓይተን ትምህርት

ፕሮግራም መጻፍ የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሥራ ብቻ መስሎ የሚታያቸው የአርትስ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ነገር ግን በአንድ ልብ ወለድ ውስጥ ስንት ልዩ ልዩ ቃላት እንዳሉ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው፥ በእጁ ቢቆጥር ብዙ ቀን የሚፈጅበትን ሥራ በ3 መስመር ትእዛዝ ሊጨርሰው ይችላል። መሣሪያዎቹ ሁለት ናቸው፤ እነርሱም ስብስብና ዙር ናቸው።

ፓይተን፥ ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሱም እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ ያወጣው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። በዚህ ቋንቋ ስብስብ ማለት አንድን ነገር ሁለት ጊዜ የማይቀበል ማኅደር ነው። የእንግሊዝኛ ስሙ «ሴት» ነው፤ በአማርኛ ጆሮ ሌላ ነገር ስለሚያሰማ ግን ስብስብ ብለነዋል። ዙር ደግሞ «ፎር» በሚለው ቃል ይጀምርና የተሰጠውን ሁሉ አንድ በአንድ እያነሣ ያንኑ ሥራ ይደጋግማል። ትእዛዞቹ በኮምፒዩተሩ ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ ግን እንደ አነባበባቸው እናስቀምጣቸው። የመጽሐፉ ቃል ሁሉ «ጽሑፍ» በሚል ስም ተቀምጧል እንበል።

ቃላት = ሴት()
ፎር ቃል ኢን ጽሑፍ.ስፕሊት():
    ቃላት.አድ(ቃል)

1ኛው መስመር ባዶ ስብስብ ያዘጋጃል። 2ኛው ጽሑፉን በባዶ ቦታዎቹ ላይ እየቆረጠ ቃላቱን በተራ ያቀርባል። 3ኛው ቃሉን ይጨምራል፤ ቃሉ ቀድሞ ገብቶ ከሆነ ግን ስብስቡ እንደ ነበረ ይቀራል። ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የተጻፈው መስመር ብቻ በዙሩ እንደሚደገም ልብ ይሏል። በመጨረሻ «ሌን(ቃላት)» ስንል ቁጥሩን እናገኛለን።

ይሁን እንጂ ቁጥሩ እውነት ነውን? ለኮምፒዩተር እያንዳንዱ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው መዝገብ የራሱ ቁጥር አለው፤ የእኛም ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዚሁ መዝገብ ገብቷል። ሀ 4608፥ ሐ 4624፥ ኀ 4736 ነው። ስለዚህ ፀሐይ የሚለውን ቃል በጸና በፀ፥ በሀ፥ በሐና በኀ እያፈራረቅን ብንጽፈው ስብስቡ 6 ቃላት አድርጎ ይቆጥረዋል። ከቃል ጋር የተጣበቀ አራት ነጥብም እንዲሁ አዲስ ቃል ያስመስላልና አስቀድሞ ይወገድ።

የፊደሉም መድኃኒት ዙር ነው። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ የሐ ቅርጾች ሰባቱን የሀ ቅርጾች በ16 ይበልጧቸዋል። እንግዲህ ከ3ኛው መስመር በፊት ይህን እናስገባ፤

    ፎር ቁ ኢን ሬንጅ(7):
        ቃል = ቃል.ሪፕሌስ(ቻር(4624+ቁ), ቻር(4608+ቁ))

በሲ፥ በኤችና በአር የሚጻፈው «ቻር» ቁጥርን ወደ ፊደል ይመልሳል። «ሬንጅ(7)» ከ0 እስከ 6 ይቆጥራል። በዚህ ዓይነት ሐ ሁሉ ሀ ይሆናል።

ታዲያ ሞክሼዎቹን ሁሉ እናዋሕዳቸውን? ለዛሬው አማርኛ ቆጠራ ይጠቅም ይሆናል። በግዕዝ ግን ሠረቀ ማለት ወጣ ሲሆን፥ ሰረቀ ማለት እንደ አማርኛው ነው። ሁለቱን ያዋሐደ ፕሮግራም የወጣችውን ፀሐይ ከሌባው ጋር አንድ አድርጎ ይቆጥራታል፤ ስሕተት መኖሩንም አይነግረንም።

ስብስብ ተደጋጋሚውን ይጥላል፤ ዙር የታዘዘውን ይደጋግማል። ምን ከምን ጋር አንድ እንደ ሆነ የሚፈርደው ግን ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ነው። ይህም የእኛ የአርትስ ተማሪዎች ሥራ ነውና ለሌላ አንተወው።

መልመጃ፤ የኀ ቅርጾች የሀን በ128 ይበልጣሉ። ኀን ወደ ሀ የሚመልሰውን ዙር ጻፉ።