ማሽን ሲለይ ማን ይጠየቃል? ከሞጆ ደረቅ ወደብ የምንማረው

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሞጆ የመንገዶች መገናኛ ናት። አንዱ መንገድ በአዳማ በኩል ወደ ጅቡቲ ይዘልቃል፤ ሌላው ወደ ዝዋይና ሐዋሳ ይወርዳል። በመልቲሞዳል ሥርዓት ከጅቡቲ የሚመጣው የኮንቴይነር ጭነት አብዛኛው የሚያርፈው በሞጆ ደረቅ ወደብ ነው። ከዚህ ወደብ የሾፌሩ፣ የረዳቱ፣ የጫኝና አውራጁ፣ የጉምሩክ አስተላላፊው፣ ሻይ የምታፈላዋ እናት እንጀራ ይወጣል። በዚህ ጥናት አንድ ጥያቄ እናነሣለን፦ የእነዚህን ሰዎች ሥራና ነፃነት የሚነካ ውሳኔ በማሽን ሲሰጥ፣ የሚጠየቀው ማን ነው?

ማሽኑ ምን ይሠራል?

ዛሬ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን የሚቀርበው በኮምፒዩተር ነው። ሥርዓቱ ዕቃውን እንደ ስጋቱ መጠን በቀለም ይለየዋል፤ አረንጓዴው ያልፋል፣ የቢጫው ሰነድ ይመረመራል፣ ቀዩ ተከፍቶ ይፈተሻል። ይህ አሠራር መጉላላትን ይቀንሳል፤ ፊት አይቶ ማድላትንም ያጠብባል። መስፈርቱን ያወጡት ሰዎች ስለሆኑ የሚጠየቅ አለ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ግን አንድ እርምጃ አልፎ ይሄዳል፤ መስፈርቱን ካለፈው መረጃ ራሱ ይማራል። ባለፈው መረጃ ውስጥ አድልዎ ካለ አድልዎውንም አብሮ ይማራል። ለምን እንዲህ እንደ ወሰነ የሠራው ባለሙያ እንኳ ሁልጊዜ ማስረዳት አይችልም። ነገ ሾፌርን ለጉዞ የሚመድብ ወይም የቀን ሠራተኛን የሚመርጥ እንዲህ ያለ ሥርዓት መጣ እንበል። ስሙ ያልወጣለት አባወራ «ለምን?» ሲል፣ «ኮምፒዩተሩ ነው ያለው» የሚል መልስ ብቻ ቢሰጠው እንጀራውን ብቻ ሳይሆን አቤት የማለት ነፃነቱንም አጥቷል።

ሕጉ ምን ይላል?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አዲስ ቴክኖሎጂን ለመጠቀም የሚደረግ ውሳኔ ለሠራተኛ ስንብት ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ይቀበላል። ጉዳዩ በሕጉ የተመለከተው የሠራተኛ ቅነሳ ሲሆን ግን አሠሪው ከሠራተኞች ተወካይ ጋር መመካከርና የ2 ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚሁ አንድ ሦስተኛ ይታከላል፤ ድምሩም ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ለተቀነሰ ሠራተኛ በዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርለታል።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅና ስሕተቱን የማሳረም መብት ሰጥቷል። ሕጉ ከሚፈቅዳቸው ሁኔታዎች በቀር፣ በእጅጉ የሚነካው ውሳኔ በማሽን ብቻ እንዳይወሰንበትም ይጠብቀዋል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

የመንግሥት እጅ ግን ጠባቂም ሰብሳቢም ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተመሠረተው የፋይዳ መታወቂያ አሻራን፣ የዓይን ብሌንን ምስልና የፊት ፎቶግራፍን ይመዘግባል። አገልግሎትን ያቀላጥፋል፤ ነገር ግን የጠፋ ካርድ ይተካል፣ በተሳሳተ እጅ የገባ አሻራ ግን አይለወጥም። ስለዚህ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተደነገገው የግል ሕይወት መከበር መንግሥትንም እንደሚያስር ማወቅ ይገባናል።

ሕጉ የማይደርስበት ቤት

የስንብት ክፍያ የሚደርሰው የሥራ ውል ላለው ነው። ዕቃ በጆንያ ይራገፍ በነበረበት ዘመን የብዙ ሰው ትከሻ ይጠይቅ የነበረውን ሥራ ዛሬ ኮንቴይነር የሚያነሣ አንድ ማሽን ይፈጽመዋል። በማኅበር ተደራጅቶ የሚሠራ ጫኝና አውራጅ ሥራው ሲቀንስ የሚያሰናብተው አሠሪ የለውም፤ ስለዚህ ማስጠንቀቂያም ካሣም አያገኝም። አጥቢያው ዓይኑን መጣል ያለበት በዚህ ቤት ላይ ነው።

የአጥቢያው ድርሻ

በመጀመሪያ፣ ሰበካ ጉባኤው ማሽን ከገባ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ ይምከር። የወጣቶችን የሙያ ሥልጠና ከአካባቢው ቴክኒክና ሙያ ተቋም ጋር ይነጋገርበት።

ሁለተኛ፣ የተበደለ ምእመን ጥያቄውን በጽሑፍ እንዲያቀርብ፣ ቀን እንዲጽፍና ቅጂ እንዲያስቀር እንርዳው። ማንበብና መጻፍ ለማይችለው ብዕር የሚይዝለት ሰው እንመድብ።

ሦስተኛ፣ ከራሳችን እንጀምር። የአባላት መዝገባችን ከሚያስፈልገው በላይ አይጠይቅ፤ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ የምእመናን ስምና ስልክ ያለ ፈቃዳቸው ለማንም አይሰጥ። ካህናት አባቶችም ደብዳቤ ለማዘጋጀት በስልክ በሚገኝ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መገልገያ ቢጠቀሙ፣ የንስሐ ልጅን ጉዳይ ፈጽሞ አያስገቡበት። በንስሐ የተነገረ ምሥጢር ስም ቢቀየርለትም ምሥጢር ነው።

ሰው በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረ ነውና ስለ እርሱ የሚወሰን ነገር ሁሉ በሰው ፊት ሊጠየቅበት ይገባል።

ለውይይት

1. በአጥቢያችን ሥራቸው በማሽን ሊተካ የሚችል ምእመናን እነማን ናቸው? ከእነርሱ የሥራ ውል ያላቸው ስንቶቹ ናቸው?
2. በመዝገባችን ውስጥ ሳያስፈልግ የያዝነው የግል መረጃ አለ?
3. «ኮምፒዩተሩ ነው ያለው» የተባለ ሰው ወደ እኛ ቢመጣ ማን ይቀበለዋል? በምንስ ይረዳዋል?